ዘሩን ከነወሬው

ሀሊሜን ሰላም ብሎ ማለፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ሌላ ሰው «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «አልሐምዱሊላህ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል፤ እሷ ግን አንዴ እጅህን ከያዘች አትለቅም። «ተቀመጥ» ትላለች። ድንጋይም ይሁን የጨው ጆንያ፣ ላዩ ላይ ትቀመጣለህ። ቀጥሎ «ምን አየህ? ምን ሰማህ?» ይመጣል። ያየኸውን ሳትጨምር፣ የሰማኸውን ሳትቀንስ ትናገራለህ። ስትጨርስ ተራው የሷ ነው፤ የሷን ሳትሰማ ብድግ ካልክ እንደ ስድብ ትቆጥረዋለች። የቆቦ ሰው ይህን ስለሚያውቅ፣ የቸኮለ ቀን ከሩቅ ሲያያት በጓሮ ይዞራል።

እኔ የምዞርበት ጓሮ አልነበረኝም፤ ተከራይዋ ነበርኩ።

በ1978 ዓ.ም. መስከረም ላይ የሳይንስ አስተማሪ ሆኜ ከደሴ ወደ ቆቦ ተመደብኩ። ሙቀቱን አልችለውም ብዬ በመጀመሪያው ሳምንት ሻንጣዬን ደጋግሜ ዘግቼ ደጋግሜ ከፍቻለሁ። ቤት ስፈልግ፣ ከከተማው ጫፍ ወደ ዞብል ተራራ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ረጅም ጠይም ሴትዮ የሚከራይ ክፍል አላት አሉኝ። ሀሊሜ በገበያ ቀን ጨውና ቅቤ ትነግዳለች፤ ከቤቷ ጀርባ ያለችውን መሬት ደግሞ እያሳረሰች ማሽላ ትዘራለች። ባሏ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ሞቷል። አንዲት ልጇ ዋጃ ተድራለች። «አልማዝ ነው ስምሽ? ግቢ፣ ተቀመጪ» አለችኝ። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ የደሴን ወሬ ጨርሼ ተናግሬ ነበር።

ይህን ልማድ የወረሰችው ከአባቷ ነው። አባቷ ከዞብል ማዶ ወደ አፋር እየወረደ ጨው የሚያመጣ ነጋዴ ነበር፤ እሷም ልጅ ሳለች ተከትላው ወርዳለች። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ። የትኛው ጉድጓድ እንደደረቀ፣ ሣር የት እንደበቀለ፣ ማን እንደታመመ፣ ያየ ሰው ላላየው የመናገር ግዴታ አለበት። ለእኛ ወሬ ሲባል ሐሜት ነው፤ እዚያ ግን ወሬ ነፍስ ያድናል። «ያየውን የደበቀና ውሃ የከለከለ አንድ ናቸው» ትል ነበር ሀሊሜ። ሐሜትም ቢሆን አትጠላም፤ ግን ሐሜቱን ከዳጉው ጋር ስትቀላቅል አይቻት አላውቅም።

እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዳጉዬን የምሰጠው ጫማዬን ሳላወልቅ ነው። «ዛሬ ልጆቹን ምን አስተማርሽ?» ትለኛለች። ስለ ሳንባ አስተምሬ ከሆነ ሳንባን እንደገና ላስተምር ነው። ስለ ወባ ትንኝ ያስተማርኩ ዕለት በጥያቄ አፋጥጣኝ ዋለች፤ በማግስቱ ጓሮዋ ውስጥ ውሃ የቋጠረውን ስባሪ ገንቦ ሁሉ ገለበጠችው። ድካሜን ረስቼ የምስቅባቸው ቀኖች ነበሩ፤ የምናደድባቸውም ነበሩ። አንድ ቀን መውጫ መግቢያ አሳጥታኝ «እትዬ ሀሊሜ፣ እሱን እንኳ አላውቅም» አልኳት። የናቀችኝ መስሎኝ ነበር።

«አብሽሪ፣» አለችኝ፣ «አላውቅምም ወሬ ነው። በረሃ ላይ ውሃ አለ ወይ ስትዪው አላውቅም ያለሽ ሰው፣ አቁማዳሽን ሙዪ ብሎሻል። የሚገድልሽ ሳያውቅ አለ የሚልሽ ነው።»

መምህራን ማሠልጠኛ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

እንግዲህ ይህችን ሴት አላህ ያዋሰናት ከዝምተኛ ጎረቤት ጋር ነው። የሷ መሬት ሲያበቃ የእርሻ ሙከራ ማሳው ሽቦ ይጀምራል። ከሽቦው ወዲያ በየዓመቱ ማሽላ ይዘራል፤ አንዱ ረድፍ አጭር፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ተተክሎለታል። ጥቅምት ላይ መኪና ይመጣል፤ ማሽላው ታጭዶ ይመዘናል፤ በከረጢት ይጫናል፤ ይሄዳል። ምን ተገኘ? ምን ከሸፈ? ለማንም ትንፍሽ የሚል የለም። በሩ ላይ ሁለት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሀሊሜ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራለች፣ ግን ከሰው አፍ መስማት ትወዳለችና አንድ ቀን አቁማ አስነበበችኝ።

«የላይኛው ምን ይላል?»

«ሳይንስ ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም ይዋል።»

«የታችኛውስ?»

«ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው።»

«ሰፍቶ ነዋ በበሩ አልገባ ያለው!» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

የበሩ ዘበኛ ካሳው ይባላል፤ በዚያ ሙቀት የወታደር ካፖርቱን የማያወልቅ፣ ሚስጥር የሚጠብቅ መስሎ መታየት የሚወድ ሰው ነው። የማሳው ባለሙያ ደግሞ ይርጋ ነው፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ ቀጭን፣ ጥፍሩን የሚበላ፣ ትሕትናው መሬት የሚነካ። ሀሊሜ በሽቦው ላይ አንገቷን አስግጋ «ልጄ፣ ምን አየህ?» ስትለው፣ «ደህና ነው እናቴ» ብሎ ወደ ረድፎቹ መሀል ይገባል። «ደህናማ አህያዬም ደህና ናት!» ትለኛለች ተናዳ። «የጠየቅሁት ስለ ማሽላው ነው!»

እኔ በመጣሁ በዓመቱ፣ ማሽላው ዛላ ሲያወጣ፣ ይርጋና ሠራተኞቹ በአንዳንዱ ዛላ ላይ የወረቀት ከረጢት ያለብሱ ጀመር። ሀሊሜ አየች። ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አላውቅም አልኳት። ካሳውን ጠየቀችው፤ «የመንግሥት ሚስጥር ነው» አላት፤ እሱም አያውቅም። ይርጋን ጠየቀችው፤ «ደህና ነው እናቴ» አላት።

ሰው ካልነገሩት ራሱ ይፈታል። ሀሊሜም ፈታችው፤ ከዓይን እየጋረዱት ነው። ያማረ እህል ዓይን ይበላዋል፤ እናትስ ልጇን ትጋርድ የለ? የተማሩትም ይህን ማወቃቸው እንዲያውም አስደሰታት። በማግስቱ የራሷን ማሽላ አንድ በአንድ ማልበስ ጀመረች። ማሽላዋ ጅጉርቲ ነው፤ በሚያዝያ የሚዘራው፣ አገዳው ከሰው በላይ የሚረዝመው የአገሩ ማሽላ። ወረቀት ስላልነበራት የሲሚንቶ ከረጢት፣ የተቀደደ ነጠላ፣ የላስቲክ ቁራጭ፣ ያገኘችውን ሁሉ አሰረችበት። ጎረቤታችን ጌጤ አይታ ተከተለቻት፤ ጌጤን ያየ ሁሉ ተከተለ። በሳምንቱ የሰፈሩ ማሳ በሙሉ ሻሽ አስሮ ሠርግ የሚሄድ ይመስል ነበር።

ከዚያ ያልታሰበ የጥቅምት ዝናብ ጣለ። ሲፈቱት ከታሰረው ዛላ ብዙው ሻግቷል፤ ትል ገብቶበታል፤ ለዶሮም አልሆነም። ጌጤ ሀሊሜን እስከ ጥምቀት አኮረፈቻት። ሀሊሜን ግን ከጥፋቱ ይልቅ ያንገበገባት ምክንያቱን አለማወቋ ነው። «እነሱ ሲያለብሱት ያምራል፤ እኛ ስናለብሰው ይሻግታል። ምኑን ነው ያጎደልነው?» ትለኛለች። እኔም አላውቅም እላታለሁ። በዚያ ሰሞን «አላውቅም» ማለት አፌን መሮኝ ነበር።

ቀጣዩ አዝመራ ግን ጨዋታ አልነበረም። በ1979 ሚያዝያ ዝናቡ ጥቂት አሳይቶ ጠፋ። ሀሊሜ በሰባ ሰባት በቅል ደብቃ ካተረፈችው ዘር የወረደውን፣ ከሻገተው መሀል ለቅማ ያወጣችውን ጅጉርቲ ዘራችው። በቀለ፤ በግንቦት ፀሐይ ደረቀ። ሰኔ ሲያልቅ መሬቷ ባዶውን ነበር፤ ቅሉም ባዶ ነበር። ከሌላ ሰው እንዳትለምን የሁሉም ዘር እንደሷው ደርቋል። መሬቱ ሳይዘራ ከከረመ ቤቷን ዘግታ ዋጃ ልጇ ዘንድ መጠጋት ነበረባት። ልጇ ደግ ናት፤ አማቿም አይከፋም። ሀሊሜ ግን ይህን ስታስብ ፊቷ ይጠቁራል። «ሰው ቤት ጥግ ይዤ ቁጭ ብዬ፣ ምን አየሽ ሲሉኝ ምን ልበል? ግድግዳ አየሁ ልበል?» አለችኝ።

ከሽቦው ወዲያ ግን ያየችው ነገር ነበር። ያለፈው አዝመራ አንደኛው ማሽላ፣ አጭሩና ነጩ፣ በሐምሌ ተዘርቶ በጥቅምት ደርሷል። የሷ ጅጉርቲ ገና አረንጓዴ ሳለ ያኛው ራሱን ደፍቶ ነበር። በዓይኗ አይታዋለች። ውሃ በድብቅ እያጠጡት ይሁን፣ መድኃኒት እያርከፈከፉበት ይሁን፣ ይበላ አይበላ ግን አታውቅም። ሐምሌ ደግሞ ገብቷል።

አንድ ጠዋት፣ ዝናብ አድሮ ባባራ ጊዜ፣ «ተነሽ አልማዜ፣ በሩ ድረስ እንሂድ። አንቺ የመንግሥት ሰው ነሽ፤ ያከብሩሻል» አለችኝ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ የፈተና ወረቀት ለማረም ነበር የቀረሁት፤ ተከትያት ሄድኩ። በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ካሳውን «ጥራው» አለችው። ካሳው እኔን አየ፣ ሰሌዳውን አየ፣ ሄዶ ጠራው።

ይርጋ እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣ። «ደህና ነሽ እናቴ?»

«ተቀመጥ።»

«ሥራ አለብኝ እናቴ።»

«ለሥራህ ነው የመጣሁት። ዛሬ አልጠይቅህም፤ እኔ ነኝ የምነግርህ። ተቀመጥ።»

መቼም ሰው ልንገርህ ሲሉት ልቡ ይቆማል። ተቀመጠ። ሀሊሜ ጀመረች። ጎርፉ ዘንድሮ ከጎሊና ወንዝ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ የላይኛው ቦይ በደለል እንደተደፈነ፣ እሱ ካልተጠረገ የማሳው ታችኛው ጫፍ ነሐሴ ላይ ውሃ እንደሚተኛበት ነገረችው። ጅጉርቲዋ እንዴት በቅሎ እንዴት እንደደረቀ ነገረችው። ቀጥላ ሳታፍር ባለፈው አዝመራ ለዓይን ብለው ስላለበሱት ዛላ ነገረችው፤ ስለ ሲሚንቶ ከረጢቱ፣ ስለ ጌጤ ነጠላ፣ ስለ ሻጋታው።

ይርጋ መጀመሪያ ሳቀ። ሻሽ ያሰረው ማሳ ታይቶት መሰለኝ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ባንዴ ቆመ። «ስንት ሰው ነው ያለበሰው?» አለ።

«ከዚህ እስከ መንገዱ ያለው ሁሉ።»

«ማነው ለዓይን ነው ያላችሁ?»

«ማንም። አንተ ዝም ስትል እኛ ተናገርን።»

ጥፍሩን ወደ አፉ ወሰደ፤ መለሰው። ከዚያ እንደ ተማሪዎቼ ዱላ አንስቶ ጭቃው ላይ ዛላ ሳለ። ማሽላ ሲያብብ አበባው ላይ ዱቄት የመሰለ ብናኝ አለ፤ ነፋስ ከአንዱ ወደ ሌላው ይወስደዋል፤ የነጩ ብናኝ ቀዩ ላይ ከወደቀ ልጁ ድብልቅ ይሆናል። ዘሩ ሳይደባለቅ እንዲቆይ ሲፈለግ ነው የሚለብሰው። ለዚያውም አየር በሚያስወጣ ስስ ወረቀት፣ አበባው እስኪያልፍ ብቻ። «ለሚበላ እህል ምንም አይጠቅምም እናቴ። በላስቲክ ከሆነማ ይታፈናል፤ ይሻግታል» አለ።

ሀሊሜ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘረጋች። «ይኸው! ይህን ለመናገር ምን ያህል ምላስ ይፈጃል? ያ ረቢ! በል ቀጥል። ስለ ነጩ አጭር ንገረኝ።»

እዚህ ላይ ፊቱ ተዘጋ። «እሱ ገና ነው። አልተረጋገጠም። ሳይረጋገጥ ለገበሬ አይነገርም፤ ትእዛዝ ነው። ደግሞ ትእዛዝ ባይሆንም...» ቆመ። «ብነግርሽና ብትዘሪው፣ ባይሆንስ? ሰባ ሰባትን አይተሻል። በእኔ ቃል ደግሞ ሰው ይራብ?»

ልጁ እውነቱን ነበር። ፍርሃቱ የሰነፍ ፍርሃት አልነበረም፤ እኔ በሱ ቦታ ብሆን ዝም እል ነበር። ሀሊሜም አልተቆጣችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አናገረችው።

«እና እኛ ተረጋግጦልን ዘርተን እናውቃለን? ሚያዝያ ላይ ስዘራ ዝናቡን ማን አረጋገጠልኝ? ይከሽፋል ብለህ ከፈራህ ይከሽፋል በለኝ። ፍርሃትህንም ጨምረህ ንገረኝ። መወሰኑ የኔ ነው፤ መሬቱም የኔ፣ ሆዱም የኔ። አንተ ያየኸውን ብቻ ስጠኝ።»

ይርጋ ካሳውን አየ፤ ካሳው ዞሮ ዞብልን አየ። ከዚያ ይርጋ ተናገረ። አንዴ ከጀመረ አልቆመም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚያዳምጠው ሰው ሲፈልግ የኖረ ይመስል ነበር። ውሃ አያጠጡትም። መድኃኒትም የለውም። በሐምሌ መጀመሪያ ከተዘራ ዝናቡ በመስከረም ቢቆምም እንኳ ይደርሳል፤ ባየው ጊዜ ሁሉ ደርሷል፤ ግን ያየው ጥቂት ጊዜ ነው፣ በዚህ አፈር ላይ ብቻ ነው። አገዳው አጭር ስለሆነ ለከብትም ለቤት ክዳንም አያጠግብም። ከሁሉ ቀድሞ ስለሚደርስ የግሪሳ ወፍ ሠራዊት ይወርድበታል። «ሲጋገር እንዴት እንደሆነ ግን አላውቅም። እኛ መዝነን ነው የምንልከው፤ ቀምሼው አላውቅም።»

ካሳው ጉሮሮውን ጠረገ።

ሦስታችንም ዞርን። ካፖርቱን እያስተካከለ «እ... እንጀራው ነጭ ነው፤ ያምራል» አለ። «በነጋታው ግን እንደ ቁርበት ይደርቃል። ለጠላ ደግሞ... ይቅር በይኝ ሀሊሜ፣ ለጠላ እንኳ ወደር የለውም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማሳው ዳር ዳር ያለው ረድፍ ነጩ አጭር ነው፤ ፀሐይና ነፋስ ስለሚበዛበት ከሚዛኑ አይገባም። ሠራተኞቹ ለካሳው «ጠርዙን ውሰደው» ይሉታል። ካሳውም በየዓመቱ ጠርዙን አጭዶ፣ ጎታው ውስጥ ከትቶ፣ ሲበላና ሲጠምቅ ኖሯል። ዘሩማ ድሮ ከአጥሩ ወጥቶ ነበር። ያልወጣው ወሬው ነው።

ሀሊሜ ካሳውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ሚስጥር ጠባቂው!» አለች። ካሳው እንኳ ሳቀ። ይርጋ ብድግ ብሎ ሱሪውን አራገፈ። «እኔ ዘር አልሰጠሁም» አለ። «ካሳው ከጎረቤቱ ጋር እህል ቢለዋወጥ ግን እኔ ምን አገባኝ?» ብሎን ወደ ረድፎቹ ሄደ።

በዚያው ቀን ማሽላው በጨው ተለወጠ። ሀሊሜ ግን መሬቷን በሙሉ በሱ አልዘራችውም። «ልጁ ይከሽፍ ይሆናል ብሎኛል» ብላ ግማሹን ብቻ ነጩን ማሽላ ዘራች፤ ግማሹን ጤፍ አደረገችው። ጌጤም ኩርፊያዋን ረስታ ቁና ይዛ ካሳው ደጅ ሄደች።

ዝናቡ እንደተፈራው እንቁጣጣሽ ሳያልፍ ቆመ። ጤፉ ጫጫ። ማሽላው ግን ከጉልበት ከፍ፣ ከደረት ዝቅ ብሎ ዛላ አወጣ፤ ከዚያ መንጣት ጀመረ። ወዲያው ግሪሳው መጣ። እንደ ደመና ሲዞር ፀሐይ ይከልላል። የተነገረን ነገር ስለሆነ ግን ማንም አልደነገጠም፤ ማማው ቀድሞ ተሠርቶ፣ ጠጠሩ ተከምሮ ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ ተራዬ ነው። ወንጭፍ አስተማሩኝ፤ የመጀመሪያው ጠጠር የራሴን ጆሮ መታኝ፣ ሁለተኛው የጌጤን በሬ። ይርጋም ከሥራ በኋላ እየመጣ ማማ ላይ ይወጣል። ሲጮህ ድምፁ ቀጭን ስለሆነ ወፎቹ ሳይሆኑ እኛ ነበርን የምንበረግገው። በሕይወቴ እንደዚያ መስከረም የሳቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በጥቅምት ታጨደ፤ ተወቃ። ጎታው እስከ አፉ አልሞላም። ግን ሀሊሜን እስከሚቀጥለው አዝመራ ያደርሳል፤ ለዘርም ይተርፋል፤ ዋጃ መሄድ ቀረ። እጇን እህሉ ውስጥ ነክራ ቆየች። ከዚያ አለቀሰች። ሀሊሜ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበርና የምሆነው ጠፋኝ። ይርጋ እዚያው ነበር።

«ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ይበላኝ ነበር» አለችው። «ባሌ በሰባ ሰባት ሲሞት ይሄ ሽቦ ነበር። ከሽቦው ወዲያ ምን እንደነበር አላውቅም። ሌሊት ሌሊት፣ እዚያ ውስጥ የሚያድነው ነገር ኖሮ ቢሆንስ እላለሁ። አሁን ደግሞ ይኸው፣ ነበረ።»

ይርጋ መልሱን ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ ግን አልዋሸም። «እናቴ፣ አልነበረም። እኔ ያኔ እዚህ አልነበርኩም፤ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ነው የነገረኝ። በሰባ ስድስት ክረምት ዝናቡ ጨርሶ ቀረ። ማሳው ውስጥ የተዘራው አንድም አልበቀለም። ይሄም ነጩ አልበቀለም። ሽቦው ባይኖርም አይድንም ነበር።»

ሀሊሜ እንባዋን በሻሿ ጠረገች። «ይህንንም አትነግረኝም ነበር? ይህን ሁሉ ዘመን ተሸክሜው ስዞር!» አለች። ከዚያች ቀን በኋላ ስለ ባሏ ስታወራ ፊቷ ቀሎ ነው። አንድ እውነት ሰውን እንደዚያ ሲያሳርፍ ያየሁት ያኔ ነው፤ እህሉ ካጠገባት ይልቅ ይሄ ያጠገባት ይመስለኛል።

ይርጋ ቀጥሎ ያደረገው ግን ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ከአውድማው ዳር ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ። «በይ እንግዲህ፣» አላት፣ «ምን አየሽ?» እሷም ነገረችው፤ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። አገዳው ለአህያዋ እስከ ጥር አያደርስም። ወፉ ከዳር ያለውን ገፎታል። እንጀራው እውነትም ይደርቃል፤ ከጤፍ ጋር ሲቀላቀል ግን ይሻለዋል። «ለምንድነው የሚደርቀው?» አለችው። «አላውቅም» አላት ይርጋ። ሲለው አልተሽኮረመመም።

ማሽላው ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። ሰዉ «የጠርዝ» አለው። በሚቀጥለው ሰኔ ከሀሊሜ የጨው ጆንያዎች አጠገብ የጠርዝ ዘር የተሞላ ቅርጫት ተቀመጠ። በድረዲን የሚባል የዋጃ ገበሬ በገበያው ቀን መጥቶ ቁናውን ዘረጋ።

«ተቀመጥ» አለችው።

«መኪናዬ ሊሄድ ነው እናቴ፤ ስፈሪልኝና ልሂድ።»

«መኪናው ይሂድ። ዘሩን ከነወሬው ነው የምሰጠው። በሐምሌ መጀመሪያ ትዘራለህ። መሬትህን በሙሉ በሱ አትዝራ፤ አፈርህን አላውቀውም። ግሪሳ ይመጣብሃል፤ ማማውን ቀድመህ ሥራ...» በድረዲን ቁናውን እንደዘረጋ ተቀመጠ። ጨርሳ «በል ንገረኝ» አለችው። የነገረችውን መልሶ ነገራት። አንድ ነገር ዘለለ፤ እንደገና አስጀመረችው። እኔ ቀይ ሽንኩርት ገዝቼ ተመልሼ ስመጣ ገና አገዳው ላይ ነበሩ። መኪናው ሄዷል።

በ1981 ክረምት ወደ ደሴ ተዛወርኩ። ሀሊሜ እስከ አውቶቡሱ ሸኝታኝ፣ ያው እንደ ልማዷ መስኮቱ ሥር ቆማ የደሴን ወሬ ቶሎ እንድልክላት አስማለችኝ። ጎብዬ ላይ አንድ ሰውዬ ጭኑ ላይ ትንሽ ከረጢት አቅፎ አጠገቤ ተቀመጠ። መርሳ ለሚኖር ወንድሙ ዘር እየወሰደ ነው። የምን ዘር ነው አልኩት። «የጠርዝ ይሉታል። ከዋጃ ሰው ነው ያገኘሁት» አለኝ፤ ሳልጠይቀው ዘሩ የሚዘራበትን ወር፣ የግሪሳውን ነገር፣ የአገዳውን ማጠር፣ አንድ በአንድ ዘረዘረው። ቃሉ የሀሊሜ ነበር፤ የምትቆምበት ቦታ ላይ ይቆማል። አፌን ይዤ ሰማሁት።

«ባለሙያዎቹ ወረቀት ሲያለብሱት ብታይ ደግሞ ለዓይን እንዳይመስልሽ» አለኝ ጣቱን ቀስሮ። «ዘር እንዳይደባለቅ ነው። ቆቦ አንዲት የሳይንስ መምህርት ተጠይቃ አላውቅም ብላ ነበር፤ ኋላ ባለሙያው ነው የተናገረው። እንጀራው ለምን ቶሎ እንደሚደርቅ ግን ባለሙያውም አላውቅም ብሏል። አንቺ የተማርሽ ትመስያለሽ፤ ታውቂው ይሆን?»

ሳቄ መጣ፤ እንባዬም መጣ። «አላውቅም» አልኩት።

«አብሽሪ፣ አላውቅምም ወሬ ነው» አለኝ፣ ከራሱ የወጣ ቃል ይመስል። ከረጢቱን አስተካክሎ ወደ እኔ ዞረ። «በይ ተራው ያንቺ ነው። ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?»

ከመምህርቷ ጀመርኩለት።